ለውጭ አገር የሚላክ ሰነድ፤ ከመዝገበ ጥምቀት እስከ ኤምባሲ ደጃፍ



በአንድ ቁምስና ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ላይ ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚቀመጡትን ሰዎች ጉዳያቸውን እየጠየቀ የሚጽፍ ቢኖር፣ ለንስሐ ወይም ለምክር ከሚመጡት ይልቅ ለወረቀት የሚመጡት እንደሚበዙ ለመረዳት አንድ ሳምንት ይበቃዋል። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም። ወረቀቱን የሚጠይቀው ወጣት ወደ ጣሊያን ለትምህርት፣ እኅቱ ወደ ዓረብ አገር ለሥራ፣ ጎረቤታቸው ደግሞ ወደ ደቡብ አፍሪካ ቀደም ብሎ ወደ ሄደ ባሏ ለመሄድ የተነሣች ናት። ከሐዋሳና ከዙሪያዋ ወረዳዎች ይህን ያህል ልጆቻችን ሲወጡ፣ መንገዳቸው የሚቃናውም የሚሰናከለውም ብዙ ጊዜ በአንዲት ቀን ወይም በአንዲት ፊደል ነው። ስለሆነም በዚህ እትም ስለ ሰነድ ትርጉም፣ ስለ ማረጋገጥና በውጭ አገር ተቀባይነት እንዲያገኝ ስለ ማድረግ ጥቂት እንድንማማር ወደድሁ።

በመጀመሪያ ሰዎች አንድ አድርገው የሚጠሯቸውን ነገሮች እንለያቸው። ብዙዎቻችን «ወረቀቱን አስመታሁት» እንላለን። ምን እንዳስመታን ግን አናውቅም። ዋናው ሰነድ አለ፤ የልደት፣ የጋብቻ፣ የትምህርት ወይም ያላገባ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ትርጉሙ አለ፤ ፈቃድ ያለው ተርጓሚ ወደ እንግሊዝኛ፣ ወደ ጣሊያንኛ ወይም ወደ ዓረብኛ መልሶ ፊርማውንና ማኅተሙን ያኖረበት ማለት ነው። ሦስተኛው ማረጋገጥ ሲሆን፣ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በሰነዱ ላይ ያለው ፊርማና ማኅተም በእርግጥ የተባለው ባለሥልጣን ፊርማና ማኅተም መሆኑን የሚመሰክርበት ነው። የመጨረሻው ደግሞ የተቀባዩ አገር ኤምባሲ የእኛን የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም አይቶ «ይህን ማኅተም አውቀዋለሁ» የሚልበት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር ልብ እንበል። ከእነዚህ ማኅተሞች አንዱም «በውስጡ የተጻፈው ነገር እውነት ነው» አይልም። እያንዳንዱ ማኅተም የሚመሰክረው ከእርሱ በፊት ስላለው ማኅተም ብቻ ነው። የኤምባሲው ስለ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ የሚኒስቴሩ ሰነዱን ስላረጋገጠው መሥሪያ ቤት፣ የዚያ መሥሪያ ቤት ስለ ሰጪው አካል ይመሰክራል። ይህ የምስክሮች ሰንሰለት ወደ ታች ሲወርድ በመጨረሻ የሚያርፈው አንድ ጸሐፊ በአንድ መዝገብ ላይ በጻፈው መስመር ላይ ነው። ያ መስመር ስሕተት ከሆነ፣ በላዩ ላይ አምስት ማኅተም ቢደረደርበትም አምስት ጊዜ የታተመበት ስሕተት ይሆናል እንጂ አይታረምም። በሌላ አነጋገር ሥራው የሚጀመረው አዲስ አበባ ሳይሆን እናንተ ካቴኪስቶች በየጸሎት ቤቱ በያዛችሁት ደብተር ላይ ነው።

ሰንሰለቱ እንዴት እንደሚሄድ ባጭሩ ልግለጥ። በአገራችን የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺና የሞት ምዝገባ በ2004 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 760 የተደነገገ ሲሆን፣ ምዝገባው በመላ አገሪቱ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። በአዋጁ መሠረት ልደት በ90 ቀን፣ ጋብቻ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ በቀበሌ መመዝገብ አለበት። ከዚያ በፊት የተወለድን ሁሉ ማስረጃችን የሆስፒታል ካርድ፣ የምስክሮች ቃል፣ እንዲሁም የጥምቀት ምስክር ወረቀት ነበረ። ዛሬ ግን የጥምቀት ወረቀት የልደት ምስክር ወረቀትን አይተካም፤ ሊያግዘው ይችላል እንጂ። ከክልል የተሰጠ የልደት ወይም የጋብቻ ማስረጃ ወደ ውጭ አገር ከመሄዱ በፊት በፌዴራል ደረጃ መረጋገጥ ይኖርበታል። የዩኒቨርሲቲ ማስረጃ ከሆነ መጀመሪያ በተቋሙ ሬጅስትራር፣ ቀጥሎ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ይታያል። የ12ኛ ክፍል የፈተና ውጤት የሚረጋገጠው በትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ነው። ውክልናና ውል ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ውልና ማስረጃ» በሚለው መሥሪያ ቤት ይረጋገጣል፤ ይህም የፌዴራሉ የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 922/2008 የሚመራው ሥራ ነው። እነዚህ ሁሉ የየራሳቸውን ድርሻ ከፈጸሙ በኋላ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከሚኒስቴሩም በኋላ ኤምባሲው ይመጣል። በአውቶቡስ ከመሳፈራችሁ በፊት ከአገልግሎቱ የትኛው እዚሁ ሐዋሳ ሊፈጸም እንደሚችል ጠይቁ፤ አዲስ አበባ ሄዶ «ይህን ከመጣህበት አስመትተህ ና» መባል የብዙዎች ዕጣ ሆኖ አይቻለሁና።

አንዳንዱ አንባቢ «ዘመዴ በሌላ አገር አንድ ማኅተም ብቻ አስመትቶ ጨረሰ፤ እኛ ለምን እንዲህ እንንከራተታለን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 1961 በሄግ ከተማ የተፈረመ አንድ ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ፤ «አፖስቲል» የሚባለው ማረጋገጫ የመጣው ከእርሱ ነው። የስምምነቱ አባል በሆኑ አገሮች መካከል የኤምባሲው ማኅተም ቀርቶ፣ ሰነዱ የወጣበት አገር የሚሰጠው ያ አንድ ማረጋገጫ ብቻ ይበቃል። ጣሊያን አባል ናት፤ ከአፍሪካም ደቡብ አፍሪካ፣ ሞሮኮ፣ ቱኒዚያ፣ ሩዋንዳና ሌሎችም አባል ናቸው። ኢትዮጵያ የዚህ ስምምነት አባል ባለመሆኗ የእኛ ሰነድ ረጅሙን መንገድ ይሄዳል። ስለዚህ በሐዋሳ ወይም በአዲስ አበባ «ለኢትዮጵያ ሰነድ አፖስቲል አስመታልሃለሁ» የሚል ደላላ ብታገኙ፣ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

አሁን ብዙ ወደሚያሰናክለን ነገር እንምጣ፤ እርሱም ቀንና ስም ነው።

የራሴን ጥፋት በመናገር ልጀምር። ቅስና ከተቀበልሁ ብዙም ሳይቆይ፣ በተመደብሁበት ቁምስና አንድ ወጣት የጥምቀት ምስክር ወረቀቱን በእንግሊዝኛ እንድጽፍለት ጠየቀኝ። በመዝገቡ ላይ የልደቱ ቀን ጥር 2 ቀን 1985 ዓ.ም. ይላል። እኔም በቅዳሴና በመቃብር መካከል በጥድፊያ ላይ ነበርሁና ሰባት ደምሬ ጃንዋሪ 10 ቀን 1992 ብዬ ጻፍሁ፤ ፈረምሁ፤ ማኅተምም መታሁ። ትክክሉ ግን 1993 ነበረ። ፓስፖርቱና የትምህርት ማስረጃው 1993 ይላሉ፤ የእኔ ወረቀት አንድ ዓመት ያስቀድማል። ሰነዶቹን የመረመረው ሰው ልዩነቱን አይቶ ሁሉንም መለሰበት። እኔ ወረቀቱን ባርም እንኳ በላዩ የታተሙት ማኅተሞች ሁሉ እንደ ገና መመታት ነበረባቸው። ያ ልጅ የተሰጠው የትምህርት ዕድል መጀመሪያው ቀን አለፈበት። ወደ እኔ ሲመጣ አልተቆጣም፤ «አባ፣ ለሚቀጥለው ልጅ ይጠንቀቁለት» ብቻ ነው ያለኝ። ቢቆጣኝ ይቀለኝ ነበር።

ስለዚህ ስሌቱን ሁላችንም እንወቀው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ባለው ጊዜ በእኛ ዓመተ ምሕረት ላይ ሰባት እንደምራለን፤ ከታኅሣሥ 23 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ደግሞ ስምንት። ምክንያቱም የእነርሱ አዲስ ዓመት በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን ስለሚገባ ነው። ይህ ግን ለሦስቱ ወንጌላውያን፣ ለማቴዎስ፣ ለማርቆስና ለሉቃስ ዘመን ነው። ዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለምትሆን፣ ተከታዩ ዘመነ ዮሐንስ ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ የካቲት 21 ድረስ በፈረንጆቹ አቆጣጠር አንድ ቀን ይዘገያል፤ አዲስ ዓመታቸውም ታኅሣሥ 22 ላይ ይውላል። ይህን ለማስታወስ የሚረዳን የበዓለ ልደት አከባበር ነው። በዘመነ ዮሐንስ ልደትን ታኅሣሥ 28 እንጂ 29 አናከብርም፤ ሁለቱም ግን በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 7 ነው።

ለሐዋሳ ሰው ሌላ ምሳሌ ልጨምር። ሁላችን የምናስታውሰው የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ የተካሄደው ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። 2012 ዘመነ ዮሐንስ ስለሆነ ቀኑ ኖቬምበር 20 ቀን 2019 ይሆናል። ልክ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ኅዳር 10 ቀን 2011 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን ግን ልደቱ ኖቬምበር 19 ቀን 2018 ነው። ስሌቱን በቃሉ የሚያደርግ ብዙ ሰው በዚህች በአንዲት ቀን ይሳሳታል። ዘመኑን ለማወቅ ዓመተ ምሕረቱን ለአራት ማካፈል ነው፤ ቀሪ ከሌለው ዮሐንስ፣ ሦስት ከቀረ ሉቃስ ነው። ወረቀቱ ላይ ሁልጊዜ ሁለቱንም አቆጣጠር መጻፍ፣ የፈረንጁንም ወር በቁጥር ሳይሆን በስሙ መጻፍ ይገባል። «3/4» የሚለውን አንዱ አገር ኤፕሪል 3፣ ሌላው ማርች 4 ብሎ ያነበዋልና።

የስም ጉዳይ ከቀኑ ይብሳል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም እንላለን። የውጭ አገር ጸሐፊ ግን የመጨረሻውን የቤተሰብ ስም አድርጎ ይወስደዋል። አባትና ልጅ፣ ባልና ሚስት የተለያየ «የቤተሰብ ስም» ሲይዙ «እንዴት ቤተሰብ ሆኑ?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም፤ የሚያስረዳው ማስረጃ ከእኛ ያስፈልገዋል። በዚህ ላይ የላቲን ፊደል ይጨመራል። ጸጋዬ የሚለውን ስም አንዱ በ«ቲ» እና «ኤስ»፣ ሌላው በ«ኤስ» ብቻ ይጀምረዋል። ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ የሚሉ ስሞች አንድ ጊዜ ተጣብቀው፣ አንድ ጊዜ ተለያይተው ይጻፋሉ፤ ሲለያዩ ደግሞ ሁለተኛው ቃል የአባት ስም ይመስላል።

በእኛ አካባቢ ደግሞ ሌላ ልዩ ችግር አለ። የክልላችን የሥራ ቋንቋ ሲዳምኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። በዚያ አጻጻፍ «ጠ» የሚለው ድምፅ በ«ኤክስ»፣ «ጨ» ደግሞ በ«ሲ» ፊደል ይወከላል፤ የሚረዝም አናባቢ ይደገማል። ፓስፖርት ላይ ግን ስሙ እንደ እንግሊዝኛ ልማድ በ«ቲ» ወይም በ«ሲ ኤች» ይሰፍራል። ሁለቱም በየራሳቸው ሕግ ትክክል ናቸው። የማያውቅ ሰው ግን ሁለት ሰዎች ናቸው ይላል። መፍትሔው ተርጓሚው ፓስፖርቱን አይቶ ስሙን ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው እንዲጽፍ፣ በዋናው ሰነድ ላይ ያለውንም አጻጻፍ በግርጌ እንዲያመለክት መጠየቅ ነው። የስሙ ልዩነት ከአጻጻፍ አልፎ ሌላ ስም ከሆነ ግን ጉዳዩ የፍርድ ቤት ነው፤ ቁምስና ሊያስታርቀው አይችልም።

የቦታ ስምም እንዲሁ ነው። ከተማችን በቀድሞ ሰነዶች «አዋሳ»፣ ዛሬ «ሐዋሳ» ናት፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ የመጀመሪያው ፊደል ሳይቀር ይለወጣል። በደርግ ጊዜ የተወለደው «ሲዳሞ ክፍለ ሀገር»፣ ከዚያ በኋላ የተወለደው «ደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል»፣ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የተመዘገበው «ሲዳማ ክልል» የሚል ማስረጃ ይይዛል። የአንድ እናት ሦስት ልጆች አንድ ቤት ውስጥ ተወልደው በሦስት አገር የተወለዱ ይመስላሉ። አንዳንድ ጸሐፊ ለማገዝ ብሎ የድሮውን በአዲሱ ይለውጠዋል፤ እንዲህ አይደረግም። በመዝገቡ ያለው እንዳለ ይገለበጣል፤ የዛሬው ስም በማስታወሻ ይገለጣል።

ስለ ተርጓሚ ሥራም ጥቂት ልበል። ጥሩ ተርጓሚ ማኅተሙ ላይ የተጻፈውን፣ የፈራሚውን ማዕረግ፣ የተሰረዘውን ሳይቀር ይተረጉማል፤ ዋናውን ግን አያርምም። ዋናው ከተሳሳተ የሚታረመው በምንጩ ነው። ከሲዳምኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ ጣሊያንኛ ከሚሻገር ትርጉም ተጠበቁ፤ በየወንዙ አንድ ነገር ይወድቃልና። የቤተ ክርስቲያን ቃላት ደግሞ ለማያውቃቸው ተርጓሚ ወጥመድ ናቸው። አንድ ጊዜ «ሀገረ ስብከት» የሚለው «የስብከት አገር» ተብሎ ተተርጉሞ አይቼ ፈገግ ብያለሁ። «የክርስትና አባት» የሚለው ቃል በቃል «ክርስቲያን አባት» ተብሎ በተተረጎመበት ወረቀት ግን አልሳቅሁም፤ የውጭ አገሩ ጸሐፊ ልጁ ሁለት አባት እንዳለው ቆጥሮ የትኛው እውነተኛ አባት እንደሆነ ማስረጃ ጠይቋልና። «አቶ» እና «ወ/ሮ» የስም ክፍል ሆነው የተጻፉበትም ብዙ ነው። ትርጉሙ ወደ ማረጋገጫ ከመሄዱ በፊት ቋንቋውን የሚችል ሰው ከዋናው ጋር አስተያይቶ ያንብበው።

ከዚህ ሌላ ትናንሽ የሚመስሉ ነገሮች አሉ። ዋናውን ሰነድ ፕላስቲክ አታልብሱ፤ ማኅተም የሚያርፍበት ቦታ አይኖርምና። ትርጉሙና ዋናው የተያያዙበትን ስፒል አትንቀሉ። የማይበላሸውን አስቀድሙ፣ የሚያልፍበትን አስከትሉ፤ ማለትም የትምህርትና የልደት ማስረጃ ቀድሞ ሊዘጋጅ ይችላል፣ ያላገባ ማስረጃና ከወንጀል ነፃ መሆንን የሚገልጸው የፖሊስ ማስረጃ ግን ብዙ ኤምባሲዎች ቅርብ ጊዜ የተሰጠ ካልሆነ ስለማይቀበሏቸው መጨረሻ ላይ ይወጣሉ። ወደ ጣሊያን ለትምህርት የሚሄድ ሰው «ዲኪያራዚዮኔ ዲ ቫሎሬ» የሚባለውን የትምህርቱን ደረጃ የሚገልጥ ወረቀት ሊጠየቅ ስለሚችል፣ ዩኒቨርሲቲው የሚቀበለው የትኛውን እንደሆነ አስቀድሞ በጽሑፍ ይጠይቅ።

ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ወረቀቶች እንመለስ። የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ መያዝ አዲስ ነገር አይደለም። የትሬንት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1563 ቆሞሳት የተጋቢዎችንና የምስክሮችን ስም፣ ቀኑንና ቦታውን በመጽሐፍ እንዲጽፉ፣ የክርስትና አባትና እናት ስምም እንዲመዘገብ ደንግጓል። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ሕገ ቀኖና በቁጥር 535 እያንዳንዱ ቁምስና መዝገቦቹንና የራሱን ማኅተም እንዲይዝ፣ የምስክር ወረቀትም በቆሞሱ ወይም በወኪሉ ፊርማና በቁምስናው ማኅተም እንዲጸና ያዝዛል። በጥምቀት መዝገቡ ጠርዝ ላይ ምሥጢረ ሜሮንና ጋብቻም ይመዘገባሉ። ልጃችን ሚላኖ ወይም ጆሃንስበርግ በቤተ ክርስቲያን ሲያገባ፣ የዚያ ቁምስና ደብዳቤ ወደ ተጠመቀበት ቁምስና ሊላክ ይገባል። በጣሊያንኛ ስለተጻፈ ብቻ በመሳቢያ ውስጥ የተረሳ እንዲህ ያለ ደብዳቤ አግኝቼ አውቃለሁ።

እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብና ድካም የሚያድን አንድ ልዩነት አለ። የጥምቀት ወይም የነፃነት ማስረጃ የሚፈለገው በውጭ አገር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለማግባት ከሆነ፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መሄድ አያስፈልገውም። ከቁምስናው ወደ ሐዋርያዊ ቪካሪያቱ ጽሕፈት ቤት ይሄዳል፤ እዚያ የቆሞሱ ፊርማ ይረጋገጣል፤ ከዚያም ለተቀባዩ ሀገረ ስብከት ይላካል። ለጋብቻ የሚሰጠው የጥምቀት ወረቀት ቅርብ ጊዜ የተጻፈ መሆን ስላለበት፣ ከሃያ ዓመት በፊት ለእናቱ የተሰጠውን አሮጌ ወረቀት ይዞ መምጣት አይጠቅመውም። ለመንግሥት ጉዳይ ከሆነ ግን ዋናው ማስረጃ የቀበሌው የጋብቻ ወይም የልደት ምዝገባ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻን ያውቃል፤ ነገር ግን እርሱም እንዲመዘገብ ያዝዛል። ተክሊል አድርገው ሳይመዘገቡ ዓመታት ያሳለፉ፣ ከመካከላቸው አንዱ ቪዛ ሲፈልግ ብቻ የሚሮጡ ባልና ሚስት በየቁምስናው አሉ። ሙሽሮችን የምታስተምሩ ካቴኪስቶች ይህን ከትምህርቱ ጋር ንገሯቸው።

አሁን ለመጻፍ ወደሚከብደኝ ነገር ደርሻለሁ። አንዲት እናት ከልጇ ጋር ወደ ጽሕፈት ቤት መጣች። ልጅቱን ያጠመቅኋት እኔ አልነበርሁም፤ ነገር ግን መዝገቡ ፊቴ ነበረና ዐሥራ አምስት ዓመት ከጥቂት ወር እንደሆናት አየሁ። እናትየዋ ዐሥራ ዘጠኝ የሚል ወረቀት ፈለገች፤ ወደ ውጭ አገር ለሥራ የሚላክ ሰው ዕድሜው 18 ዓመት የሞላ መሆን እንዳለበት ደላላው ነግሯታል።

«አባ፣ ቁጥር ብቻ እኮ ነው፤ ለእርስዎ አንዲት መስመር ናት፤ ለእኛ ቤት ናት» አለችኝ።

«እናቴ፣ ይህን መስመር እኔ አልጻፍሁትም፤ ልለውጠውም አልችልም። ለቤቱ ግን አብረን እናስብ» አልኋት።

ጣሪያዋ እንደሚያፈስ፣ ባሏ እንደሞተ፣ ሁለት ታናናሾች እንዳሉ አውቅ ነበር። ሕጉን ነግሬ ብቻ አላሰናበትኋትም፤ ለታናናሾቹ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚረዳ ሰው ፈለግን፤ ሆኖም የዘገየ ርዳታ ነበረ። ልጅቱ ሄደች። ወረቀቱን ከየት እንዳገኙት አልጠየቅሁም፤ ሁሉም ማኅተም ግን እንደ ነበረበት ሰማሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ታማ ተመለሰች። ደመወዟ ለብዙ ወራት አልተከፈላትም። እናትየዋ ልታመለክትላት ስትሞክር፣ ሰነዱ ላይ ያለችው ሴት በሌላ ዕድሜና በሌላ የአባት ስም የተጻፈች ሌላ ሰው ሆና ተገኘች። ሕፃን ናት ብሎ የሚከራከርላት ቢመጣ እንኳ፣ የራሷ ወረቀት ትልቅ ሰው ናት ብሎ ይመሰክርባታል። የወንጀል ሕጋችን ሐሰተኛ ሰነድ መሥራትንም ሆነ መጠቀምን ይቀጣል፤ ሰውን የሚነግዱትን የሚቀጣ አዋጅም በ2012 ዓ.ም. ወጥቷል። ነገር ግን በዚያን ቀን በጽሕፈት ቤቴ የተቀመጡትን እናትና ልጅ ሳይ ስለ ቅጣት ማሰብ አልቻልሁም።

ልጅቱ ከዳነች በኋላ አንድ ማለዳ ብቻዋን መጣች። የፈለገችው የጥምቀት ምስክር ወረቀቷን ነበር፤ ዘጠነኛ ክፍል ለመመዝገብ ትክክለኛ ስሟንና ዕድሜዋን የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልጋት ነበር። መዝገቡን ገለጥሁት። መስመሩ እንደ ነበረ ነው፤ ስሟ፣ የእናቷ ስም፣ የክርስትና እናቷ ስም፣ የተወለደችበት ቀን። እርሷም ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ አነበበችው። ያ መስመር ከአራት ዓመት በፊት ተለውጦ ቢሆን ኖሮ የምትመለስበት ስም ባልነበራት ነበር።

ከወደ ውጭ ወደ አገር ቤት ስለሚመጣ ሰነድም አንድ ቃል። ውጭ ያለ ልጅ ወይም ወንድም ቤት ለመሸጥ ወይም ጉዳይ ለማስፈጸም ውክልና ሲልክ፣ በእጁ ጽፎ በስልክ ፎቶ መላኩ ዋጋ የለውም። በሚኖርበት አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ፊት ይፈርማል፤ ዋናው ወረቀት ይመጣል፤ እዚህ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፤ ከዚያ በሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት ይመዘገባል። ውክልናው «ጉዳዬን ሁሉ» ከሚል ይልቅ «ቤቴን ለመሸጥ» ወይም «የባንክ ሒሳቤን ለማንቀሳቀስ» ብሎ ሥልጣኑን በስም ቢጠራ መልካም ነው፤ ለወካዩም ለተወካዩም ጠብ ያስቀራል።

በመጨረሻ በየጸሎት ቤቱ ለምታገለግሉ ካቴኪስቶች የማቀርበው ጥያቄ አለኝ። ብዙዎቻችሁ የተጠማቂዎችን ስም በደብተር ትጽፉና ወደ ቁምስናው መዝገብ የሚገለበጠው ከወራት በኋላ ነው። በዚያ መካከል ዝናብ አለ፤ አይጥ አለ፤ የእጅ ጽሑፍ አለ። ስሙን ስትጽፉ እናትን «እንዴት ይጻፍ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ በፊደላችንም በሲዳምኛ አጻጻፍም አስፍሩት። የልደቱን ቀን ከጥምቀቱ ቀን ለይታችሁ ጻፉ፤ «በዚያ በበልግ» የምትል እናት ብታጋጥማችሁ በአቅራቢያው ያለውን በዓል ጠይቃችሁ ቀኑን አብራችሁ ፈልጉ፤ በግምት ከሆነም በግምት መሆኑን አመልክቱ። የቀበሌ የልደት ምዝገባ ያለው ሕፃን ከሆነ ከእርሱ ጋር አስተያዩት። ለሚቀጥለው የካቴኪስቶች ስብሰባ ስትመጡ ደብተሮቻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ከሰዓት በኋላ ያለውን ጊዜ ለመገልበጥ እናውለዋለን፤ ቀለምና መጻፊያ ከእኛ ነው።